ግማሹን ሰውዬ የት አወረድከው? ራሱን ስለሚያርም ጥያቄ የምንሳሳታቸው ነገሮች

ድሬዳዋ ውስጥ ሒሳብ አስተምራለሁ። ለኦንላይን ኮርስ ለእያንዳንዱ ተማሪ የተለያየ ቁጥር የሚሰጥ፣ ራሱን በራሱ የሚያርም ጥያቄ መሥራት ከጀመርኩ ወዲህ ከባልደረቦቼ ደጋግሜ የምሰማቸው ነገሮች አሉ። አንዳንዶቹን እኔም አምኛቸው ነበር።

«ቁጥሩን ኮምፒውተሩ በዕጣ ያውጣ፣ በቃ!»

ይሄኛው ጉድ ሠርቶኛል። ከሳቢያን ወደ ከዚራ ስለሚመላለስ ባጃጅ ጥያቄ ጻፍኩ። ታሪፉ ይህን ያህል፣ የተሰበሰበው ይህን ያህል፤ ስንት ሰው ተሳፈረ? ሁለቱንም ቁጥር ለዕጣ ተውኩት። ለአንዷ ተማሪ 6 ብርና 87 ብር ደረሳት። 14.5 ሰው! «ቲቸር፣ ግማሹን ሰውዬ የት አወረድከው?» አለችኝ። (ድሬ አንቱታ የለም፤ መምህርም «አንተ» ነው።)

መፍትሔው ከመልሱ መነሳት ነው። መጀመሪያ የሰዎቹን ብዛት ዕጣ ታወጣለህ፣ ከዚያ በታሪፉ ታባዛለህ። 15 ሰው በ6 ብር፣ 90 ብር። ኳድራቲክ ኢኩዌሽንም እንዲሁ ነው። ሁሉም ቁጥር በዕጣ ከወጣ ለአንዱ ቀላል ይደርሰዋል፣ ሌላው ጭራሽ መልስ የሌለው ይገጥመዋል። 3ን እና −5ን መልስ አድርገህ ቀድመህ ከመረጥክ ግን ሀ²+2ሀ−15=0 ራሱ ይመጣል።

«ምርጫዎቹን ማበወዝም ቁጥር ከመቀያየር እኩል ነው»

አይደለም። «ለ» የነበረው «መ» ሆነ እንጂ ጥያቄው አልተነካም።

«ኮምፒውተር የሚቀበለው እኔ የጻፍኩትን መልስ ብቻ ነው»

ፊደል በፊደል የሚያመሳክር ጥያቄ ከሆነ፣ አዎ። ዌብወርክ የሚባለው የኦንላይን የሒሳብ የቤት ሥራ ሲስተም ግን የተማሪውንና የመምህሩን መልስ በተለያዩ ቁጥሮች እየተካ ያወዳድራል። 2(ሀ+3) ብትጽፍም 2ሀ+6 ብትጽፍም ልክ ነው ይልሃል። አንድ ቁጥር ብቻ ቢሞክር ይሸወድ ነበር፤ ሀ 3 ሲሆን 2ሀ+6ም ሀ+9ም 12 ናቸው። ሙድል በሚባለው የኦንላይን ትምህርት ሲስተም ላይ የሚገጠመው የጥያቄ መሥሪያ፣ ስታክ፣ ደግሞ ለዚሁ ማክሲማ የተባለ የአልጀብራ ፕሮግራም ይጠቀማል።

መጠንቀቅ ያለብህ የስህተት ወሰኑን ነው። ዌብወርክ ካልነካኸው 0.1 በመቶ ብቻ ይፈቅዳል። ለ1/3 «0.33» ያለ ልጅ በ1 በመቶ ስለሚስት ዜሮ ያገኛል። ስንት ዲጂት እንደምትፈልግ ጥያቄው ላይ ጻፈው።

«ቁጥሩ ከተለያየ ኩረጃ ቀረ»

የቀረው የመልስ ኩረጃ ነው። ቴሌግራም ላይ «መልሱ 24 ነው» ይባባሉ የነበሩ ልጆች አሁን «መጀመሪያ አካፍል፣ ከዛ ቀንስ» ይባባላሉ። እኔ ይሄን ማጥናት ነው የምለው። አንዱ ግን ቁጥር ሲያስገቡበት መልሱን የሚተፋ ኤክሴል ሠርቶ ለክፍሉ አደለ። ማርክ ልጨምርለት ምንም አልቀረኝም ነበር።

«አንዴ ከሠራሁት ተገላገልኩ»

የእያንዳንዱ ተማሪ ጥያቄ የሚወለደው ሲድ ከሚባል መነሻ ቁጥር ነው። ሲዱ አንድ ከሆነ ጥያቄውም አንድ ነው። ተማሪ «ተሳስቷል» ብሎ ሲመጣ በሱ ሲድ ከፍተህ ያየውን ታያለህ። ሳይመጣ ለመያዝ ደግሞ ከመልቀቄ በፊት 20 ሲድ እየቀያየርኩ ራሴ እሠራለሁ። ባለፈው ሳምንት 17ኛው ላይ 90 ብር አልነበረም፣ 87ም አልነበረም፤ 0 ሰው ጭኖ ከዚራ የገባ ባጃጅ ነበር።