ዴቭኦፕስ፦ ከኮድ እስከ ሰርቨር

ዴቭኦፕስ ሶፍትዌር የሚጽፉ ፕሮግራመሮችና ሰርቨር የሚያስተዳድሩ ባለሙያዎች ሥራውን ከመነሻው እስከ ተጠቃሚው ድረስ በጋራ ኃላፊነት የሚይዙበት አሠራር ነው። ስያሜው የተስፋፋው ፓትሪክ ደብዋ እ.ኤ.አ. በ2009 ቤልጂየም፣ ጌንት ከተማ ውስጥ ዴቭኦፕስዴይስ የተባለውን ጉባኤ ካዘጋጀ ወዲህ ነው። ችግሩ ግን ከስሙ ይቀድማል። ፕሮግራመሩ የሚመዘነው ባወጣው አዲስ ነገር፣ የሰርቨር ባለሙያው ደግሞ ሲስተሙ ሳይቋረጥ በመቆየቱ ስለነበር አንዱ የሚያጣድፈውን ለውጥ ሌላው ይፈራዋል።

የዕለት ሥራው የሚያልፈው በፓይፕላይን፣ ማለትም ኮዱን ደረጃ በደረጃ ወደ ሰርቨር በሚያደርስ አውቶማቲክ ሰንሰለት ነው። የኮዱ ለውጥ የለውጦችን ታሪክ ወደሚያስቀምጠው ጊት ሲላክ እንደ ጄንኪንስ ያለ መሣሪያ ኮዱን ይገነባል፣ ቴስቶቹን ያስኬዳል፤ አንዱ ከወደቀ ሂደቱ እዚያው ይቆማል። ካለፈ የዶከር ኢሜጅ፣ ማለትም ፕሮግራሙን ከሚያስፈልጉት ነገሮች ጋር የያዘ ጥቅል፣ ይዘጋጃል። በሙከራ ሰርቨር የተፈተነው ያው ኢሜጅ ሳይነካ ወደ ተጠቃሚዎች መሄድ አለበት። እንደገና ከተገነባ በመሃል ፕሮግራሙ የሚጠቀምበት የአንድ ላይብረሪ (ዝግጁ የኮድ ስብስብ) ቨርዥን ተቀይሮ ያልተፈተነ ነገር ሊወጣ ይችላል። የይለፍ ቃል ጊት ውስጥ ከገባ ደግሞ ከፋይሉ ማጥፋት አይበቃም፤ በታሪኩ ውስጥ ስለሚቀር ቃሉ ራሱ መለወጥ አለበት።

ኮድን ሰርቨር ላይ በእጅ መጫን የሚያስከትለውን አደጋ የአሜሪካው የአክሲዮን ንግድ ድርጅት የናይት ካፒታል ውድቀት በግልጽ ያሳያል። እ.ኤ.አ. በ2012 አዲሱ ኮድ ከ8 ሰርቨሮች በ7ቱ ላይ ብቻ ተጫነ፤ ጭነቱን በድጋሚ ያረጋገጠ ሁለተኛ ሰው አልነበረም። በኦገስት መጀመሪያ ላይ ገበያው ሲከፈት በ8ኛው ሰርቨር የቀረው አሮጌ ኮድ ተቀስቅሶ ለ45 ደቂቃ ያህል የአክሲዮን ትዕዛዝ አጎረፈ፤ ኪሳራውም ከ440 ሚሊዮን ዶላር አላነሰም። ሁሉንም ሰርቨሮች በአንድ ስክሪፕት የሚጭንና የእያንዳንዱን ቨርዥን የሚያመሳክር ፓይፕላይን እንዲህ ያለውን ክፍተት ይይዘዋል።

ከሁሉም የሚከብደው ዳታቤዝ ነው። ኮድ ወደ ቀድሞው ቨርዥን በደቂቃ ይመለሳል፤ የተጻፈ ዳታ ግን አብሮ አይመለስም። በዳታቤዙ ሠንጠረዥ ውስጥ የአንድን ዓምድ ስም በአንድ ጊዜ መቀየር፣ ገና ያልተተካው አሮጌ ኮድ ዓምዱን አጥቶ እንዲወድቅ ያደርጋል። ስለዚህ መጀመሪያ አዲሱ ዓምድ ይጨመራል፤ ቀጥሎ ኮዱ በሁለቱም ላይ እንዲጽፍ ይደረጋል፤ የቆየው ዳታ በትንሽ በትንሹ ይገለበጣል፤ ከዚያ ንባቡ ወደ አዲሱ ይዞራል። የድሮው ዓምድ የሚጠፋው የሚያነበውም የሚጽፍበትም ኮድ በየትኛውም ሰርቨር ላይ እንደሌለ ሲረጋገጥ፣ ለብቻው በሚወጣ ሌላ ለውጥ ነው።