ኮይሉን ከመቀየራችሁ በፊት ካንዴላውን እዩ፦ ስለ ሞተር እሳት በስህተት የምናምናቸው ነገሮች

አዲሱ ገበያን አልፎ ወደ ሱሉልታ የሚወጣው ዳገት የቤንዚን መኪና ጤንነት የሚለይበት መንገድ ነው። ከተማ ውስጥ ምንም ያልታየባት ቪትዝ ወይም ኮሮላ ዳገቱ መሃል ስትደርስ ትንቀጠቀጣለች፣ ጉልበት ታጣለች፣ የቼክ ኢንጂን መብራቷም ብልጭ ድርግም ማለት ይጀምራል። ሹፌሩ ዳር ይዞ መካኒክ ሲያማክር የሚሰማው መልስ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነው፤ «ኮይሉ ተቃጥሏል፣ ቀይረው»። ከሶማሌ ተራ ያገለገለ ኮይል ይገዛና ይገጠማል። መኪናዋ ለጥቂት ጊዜ ትሻላታለች፤ ከዚያ ያው ሕመም ይመለሳል፣ ያው ወጪም ይከተላል።

መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ፣ በእጃችን ያሉት የቤንዚን መኪኖች ገና ብዙ ዓመት ሊያገለግሉን ግድ ነው። በግምት ዕቃ እየቀየሩ እዚያ መድረስ አይቻልም። እሳቱ እንዴት እንደሚወለድ ማወቅ ያስፈልጋል፦ ኮይሉ የባትሪውን ቮልት ከፍ ያደርጋል፣ ካንዴላው ደግሞ በሲሊንደሩ ውስጥ ቤንዚኑን የሚያቀጣጥለውን እሳት ያዘልላል፤ የሹፌሩንም የመካኒኩንም ኪስ የሚጎዱት እምነቶች የሚመነጩት እዚያ ላይ ካለው ክፍተት ነውና።

«ኮይሉ ኤሌክትሪክ ሲደርሰው ካንዴላው ይተኩሳል»

የሚሆነው ተቃራኒው ነው። እሳቱ የሚወጣው ኤሌክትሪኩ ሲቋረጥ ነው።

ኮይል፣ ብዙዎች ቦቢና የምንለው፣ በአንድ የብረት እምብርት ዙሪያ የተጠመጠሙ ሁለት የመዳብ ሽቦ ጥቅሎች አሉት። አንደኛው ወፈር ያለ ሆኖ ዙሩ ከ100 እስከ 200 ቢሆን ነው። ሌላው እንደ ፀጉር የቀጠነ ሲሆን ዙሩ ከ10,000 ይበልጣል። የሞተሩ ኮምፒውተር ለወፍራሙ ጥቅል የባትሪውን 12 ቮልት ለ3 ሚሊሰከንድ ገደማ ይለቅለታል። በዚያች ቅጽበት አምፔሩ እያደገ ሄዶ 6፣ 7፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይደርሳል፤ እምብርቱም መግኔት ይሆናል። እስካሁን በካንዴላው ጫፍ ላይ ምንም እሳት የለም። ኮምፒውተሩ በድንገት ሲያቋርጠው ግን መግኔቱ ይፈርሳል፣ ሲፈርስም በሁለቱም ጥቅሎች ውስጥ ቮልት ይፈጠራል፤ በወፍራሙ ከ300 እስከ 400፣ በቀጭኑ ደግሞ ዙሩ መቶ እጥፍ ገደማ ስለሆነ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር። ማይክል ፋራዴይ በ1831 እ.ኤ.አ. በሙከራ ያረጋገጠው ይህንኑ ነው፤ ቮልት የሚፈጠረው መግኔቱ ሲለዋወጥ ነው፣ ለውጡ በፈጠነ መጠንም ቮልቱ ይበዛል።

በደቂቃ 3,000 ጊዜ በሚዞር ሞተር ውስጥ ይህ መሙላትና መቁረጥ በእያንዳንዱ ሲሊንደር በሰከንድ 25 ጊዜ ይደጋገማል።

ለጥገና የሚጠቅመው ቁም ነገር ይህ ነው፦ የእሳቱ ጉልበት የሚወሰነው ከመቋረጡ በፊት በሞላው አምፔር ነው። የኮይሉ ሶኬት የላላ፣ ፒኑ የዛገ፣ ወይም ወደ ሞተሩ አካል የሚሄደው የኔጌቲቭ ሽቦ በደንብ ያልታሰረ ከሆነ አምፔሩ ሳይሞላ ጊዜው ያልቃል። ኮይሉ ፍጹም ጤነኛ ሆኖ እሳቱ ይደክማል። ሶኬቱን ነቅሎ ማየትና ማጽዳት ምንም ገንዘብ አይጠይቅም፤ ሆኖም ሲዘለል የማየው የመጀመሪያው ሥራ ይህ ነው።

«ኮይሉ ሁልጊዜ 40 ሺህ ቮልት ይተኩሳል»

የሚነገረው ትልቅ ቁጥር የኮይሉ ጣሪያ ነው፣ የዘወትር ሥራው አይደለም። ኮይሉ ሲቋረጥ ቮልቱ ከታች ተነሥቶ ይወጣል፤ በካንዴላው ሁለት ጫፎች መካከል ያለውን ጋዝ መብሳት የሚችልበት ደረጃ ላይ እንደደረሰ እሳቱ ይዘላል፣ ቮልቱም እዚያው ይቆማል። ገንዳ የሚሞላ ውሃ ከጠርዙ በላይ እንደማይቆለል ማለት ነው። አዲስ ካንዴላ የገባላት ሞተር ቆማ ስትዞር 8 ወይም 10 ሺህ ቮልት ይበቃታል።

የቮልቱን ልክ የሚወስነው እንግዲህ ካንዴላው ነው፤ ኮይሉ የተጠየቀውን ነው የሚሰጠው። ብዙ ሰው ያልተረዳው፣ ብዙ ገንዘብም የሚፈስበት ነጥብ ይህ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት።

የካንዴላ ጫፎች ርቀት በአብዛኞቹ መኪኖች ከ0.8 እስከ 1.1 ሚሊሜትር ነው። እያንዳንዱ እሳት ከብረቱ ላይ ጥቂት ይበላል። ተራው የኒኬል ካንዴላ ከ30 እስከ 40 ሺህ ኪሎሜትር በኋላ ጫፉ ይዶለዱማል፣ ክፍተቱም ይሰፋል። የሰፋ ክፍተት ከፍ ያለ ቮልት ይጠይቃል፤ የዶለዶመ ጫፍም እንዲሁ፣ ምክንያቱም ኤሌክትሪክ ከሹል ጠርዝ ላይ ሲነሣ ይቀለዋል።

አሁን ይህችን መኪና ወደ ሱሉልታ ዳገት አውጧት። ነዳጅ ሲረገጥ ወደ ሲሊንደሩ የሚገባው አየርና ቤንዚን ይጨምራል፣ ፒስቶኑ ሲያምቀውም ግፊቱ ከፍ ይላል። የታመቀ ጋዝን መብሳት ይከብዳል። ቆማ 10 ሺህ ቮልት ይበቃት የነበረ ሞተር አሁን ከ20 ሺህ በላይ ትጠይቃለች፤ ካንዴላው ያረጀ ከሆነ ከዚያም ይዘላል። ኮይሉ እስከቻለ ይሰጣል። ችግሩ ይህን ያህል ቮልት ሲጠራቀም ቀላሉን መውጫ መፈለጉ ነው፤ ኮይሉን ከካንዴላው የሚያገናኘውን ጎማ በስቶ ወደ ሞተሩ አካል ይዘላል፣ ወይም በራሱ በኮይሉ ውስጥ በጥቅሎቹ መካከል ያለውን መከላከያ ይበሳል። አንድ ጊዜ የተበሳ ቦታ ይከስላል፤ ከሰልም ኤሌክትሪክ ስለሚያሳልፍ ቀጣዩ እሳት በዚያው መንገድ ይሄዳል። ኮይሉ ሞተ የምንለው ያኔ ነው።

ገዳዩ ግን አሁንም ቦታው ላይ ነው። አዲሱ ኮይል በዚያው ባረጀ ካንዴላ ላይ ሲቀመጥ ያው ሸክም ይጠብቀዋል። ስለዚህ ካንዴላውን ሳያወጣና ክፍተቱን በስፔሲሜትር (በቀጭን የክፍተት መለኪያ) ሳይለካ «ኮይል ግዛ» የሚል መካኒክ ሥራውን አልጨረሰም ብዬ በግልጽ እናገራለሁ። ካንዴላ ከኮይል ጋር ሲነጻጸር ርካሽ ነው። ኮይል ሲቀየር ካንዴላዎቹ ያረጁ ከሆኑ አራቱም አብረው ይቀየሩ፤ ጤነኞቹን ሦስት ኮይሎች ግን አትጣሏቸው።

ዳገት ላይ ጉልበት ማጣት ሁሉ የእሳት ችግር አይደለም፤ የተዘጋ የነዳጅ ፊልትሮና የደከመ ፓምፕም እዚያው ያጋልጣሉ። ልዩነቱ ይሰማል። ነዳጅ ሲያንሳት መኪናዋ በአጠቃላይ እየደከመች ትሄዳለች፤ እሳት ሲጠፋባት ግን በየተራው ትመታለች፣ በሦስት ሲሊንደር እንደምትሠራ መሪው ድረስ ያስታውቃል።

«ከፍታ ላይ ስለምንኖር እሳቱ ይደክማል»

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ነች፤ ዙሪያዋ ያሉት ሰሜናዊ ጋራዎች ደግሞ ከ3,000 ያልፋሉ። የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው በሩብ ያህል ያንሳል። በዚህ ምክንያት ሞተር ጉልበት እንደሚያጣ እውነት ነው፤ የሚቃጠልበት አየር ያንሰዋል። እሳቱ ግን በዚህ አይደክምም። ሳሳ ያለ ጋዝ በቀላሉ ይበሳል፤ ሲሊንደር ውስጥ የሚገባው አየር ሲያንስ ካንዴላው የሚጠይቀው ቮልትም ይቀንሳል። «ለአዲስ አበባ ጠንካራ ኮይል ያስፈልጋል» እየተባለ የሚሸጠው ዕቃ መሠረት የለውም።

ከፍታው የሚጎዳው በሌላ በኩል ነው፣ ይህን የሚያነሣ ግን ብዙም አልሰማሁም። ከሲሊንደሩ ውጭ ያለውም አየር የሳሳ ነው። እናም እሳቱ በካንዴላው ነጭ ሴራሚክ ላይ ተንሸራቶ፣ ወይም በተሰነጠቀ ጎማ በኩል ወደ ሞተሩ አካል መዝለሉ ከባሕር ዳርቻ ይልቅ እዚህ ይቀላል። የኮይል ጎማ መጠንከር፣ መሰንጠቅና መቆሸሽ በእኛ ሰፈር ይበልጥ ሊያሳስበን ይገባል። ማታ በጨለማ ኮፈኑን ከፍታችሁ ሞተሩ እየሠራ ብታዩ፣ የሚያመልጥ እሳት ካለ አንዳንዴ በዓይን ይታያል፤ እጅ ግን አይነካ።

«ሞተሩ እየሠራ ኮይሉን መንቀል ጥሩ ምርመራ ነው»

በየመንገዱ ዳር ይሠራል፤ ኮይሉን ነቅለው የሞተሩ ድምፅ ተለወጠ አልተለወጠ ብለው ያዳምጣሉ። ከካንዴላው የተነቀለ ኮይል መውጫ ያጣል። ቮልቱ የሚያስቆመው ስለሌለ እስከ ጣሪያው ይወጣና የራሱን መከላከያ ይበሳል። ጤነኛ የነበረ ኮይል በምርመራው ይሞታል፤ የመርማሪው እጅም ይመታል። ያልተቃጠለው ቤንዚንም በማርሚታው መስመር ወርዶ ካታሊስቱ (ጭሱን የሚያጣራው ክፍል) ውስጥ ሲቃጠል ከልክ በላይ ያግለዋል። የቼክ ኢንጂን መብራት ብልጭ ድርግም ሲል የሚያስጠነቅቀው ስለዚሁ ነው፤ ረግጦ መንዳት አይገባም።

ካንዴላውን አውጥቶ ብረት አስነክቶ እሳቱን ማየትም ሙሉ ማስረጃ አይሆንም። ሜዳ ላይ ባለ አየር የሚዘል እሳት፣ በሲሊንደር ውስጥ ብዙ እጥፍ በታመቀ ጋዝ መካከል ላይዘል ይችላል።

የሚሻለው መንገድ ቀላል ነው። ሞተሩን አጥፍታችሁ፣ የተጠረጠረውን ኮይል ከጎረቤቱ ጋር አለዋውጡ። ኮድ የሚያነብ መሣሪያ ላይ ሁለተኛው ሲሊንደር ያሳየው ችግር ወደ ሦስተኛው ከተዛወረ ጥፋቱ የኮይሉ ነው። ካልተዛወረ ካንዴላዎቹን አለዋውጡ። ያም ካላዛወረው ሽቦውን፣ የነዳጅ መርጫውን፣ በመጨረሻም ኮምፕረሲዮኑን (የሲሊንደሩን የማመቅ አቅም) መመርመር ይቀራል።

«ኮምፒውተሩ ፒ 0302 ካለ የሁለተኛው ኮይል ሞቷል»

ከፒ 0301 እስከ ፒ 0304 ያሉት ኮዶች የሚናገሩት የትኛው ሲሊንደር እንዳልተቃጠለ ብቻ ነው። ለምን እንደሆነ አይሉም። ከፒ 0351 እስከ ፒ 0354 ያሉት ናቸው ወደ ኮይሉ መስመር የሚጠቁሙት፤ እነሱም ቢሆኑ የተቆረጠ ሽቦንና የላላ ሶኬትን ያጠቃልላሉ። በብዙ ቶዮታዎች ኮይሉ አራት ሽቦ ያለው በዚህ ምክንያት ነው፤ ኤሌክትሪክ፣ ኔጌቲቭ፣ ከኮምፒውተሩ የሚመጣ ትእዛዝ፣ እና «ተኩሻለሁ» የሚል መልስ የሚመለስበት።

በድሮዎቹ ላዳ ታክሲዎችና በዲኤክስ ኮሮላዎች ደግሞ ነገሩ ሌላ ነው። እነሱ አንድ ኮይል ለአራቱም ሲሊንደሮች ነው ያላቸው፤ እሳቱን የሚያከፋፍለው ዲስትሪቢዩተሩ ነው። አንድ ሲሊንደር ብቻ ከጠፋ ኮይሉን መክሰስ አይቻልም፤ ካንዴላውን፣ ወፍራሙን ሽቦ ወይም የዲስትሪቢዩተሩን ክዳን እዩ።

«ኢሪዲየም ካንዴላ ጉልበት ይጨምራል»

አይጨምርም። ጥቅሙ ዕድሜው ነው፤ ጫፉ በጣም ቀጭን ሆኖም ቶሎ ስለማይበላ ብዙዎቹ እስከ 100 ሺህ ኪሎሜትር ይሄዳሉ፣ ቀጭንነቱም የሚጠየቀውን ቮልት ይቀንሳል። ለኮይሉ እረፍት ነው። በብርጭቆ ወረቀት ወይም በሽቦ ብሩሽ ግን አይፈተግ፤ ያ ቀጭን ጫፍ ይሰበራል። ማሸጊያው እውነተኛ የሚመስል የተኮረጀ ካንዴላም ገበያ ላይ አለ፤ ከሚታመን ሻጭ የተገዛ የኒኬል ካንዴላ ከተኮረጀ ኢሪዲየም ይበልጣል።

«ሞተር ማጠብ ምን ችግር አለው»

ክረምት ላይ የጭቃ መንገድ ያቆሸሻት መኪና ላቫጆ ስትገባ ሞተሯም በግፊት ውሃ ይታጠባል። ካንዴላዎቹ የሚቀመጡበት ጥልቅ ጉድጓድ ውሃ ይዞ ይቀራል፤ እሳቱም ወደ ታች ከመውረድ ይልቅ በእርጥቡ ሴራሚክ ላይ ወደ ጎን ይሄዳል። ታጥባ ከወጣች በኋላ መንቀጥቀጥ የጀመረች መኪና ኮይል አያስፈልጋትም። ኮይሎቹን አውጥቶ ጉድጓዱን በኮምፕረሰር አየር ማድረቅ ይበቃል። ጉድጓዱ ውስጥ ዘይት ከተገኘ ግን የቴስታታው (ሲሊንደሮቹን ከላይ የሚዘጋው ክፍል) ክዳን ማሸጊያ ያሳልፋል ማለት ነው፤ ዘይቱ የኮይሉን ጎማ ስለሚያላሽቅ መጀመሪያ ማሸጊያው ይቀየር።

«የናፍጣ ሚኒባስም ኮይል አለው»

የለውም። ናፍጣ የሚቀጣጠለው በታመቀ አየር ሙቀት ነው። እዚያ ካንዴላ የሚባለው ብርድ ላይ ለማስነሣት የሚግል ማሞቂያ ነው፣ እሳት አይዘልበትም።

«ካንዴላ በደንብ ሲጠብቅ ነው ጥሩ»

ቴስታታው አሉሚኒየም ነው፣ ጥርሱ በቀላሉ ይላጣል፤ የተላጨ ጥርስ ማስጠገን ደግሞ ከኮይል ዋጋ ሊበልጥ ይችላል። ሞተሩ ይቀዝቅዝ፣ ካንዴላው ያለ ቁልፍ በእጅ እስኪቆም ድረስ ይዙር። ከዚያ በኋላ ቀለበት ላለው አዲስ ካንዴላ ከግማሽ እስከ ሁለት ሦስተኛ ዙር፣ ቀለበት ለሌለውና መቀመጫው ሾጣጣ ለሆነው አንድ አሥራ ስድስተኛ ዙር ብቻ ይጨመርለት።