የወንጀል ፍርሃትና ጭፍን ጥላቻ፦ ዝምድናቸው ምንድን ነው?

የወንጀል ፍርሃት ስንል ወንጀሉን ራሱን ማለታችን አይደለም። “ልዘረፍ፣ ልደበደብ እችላለሁ” የሚለውን ስጋት ነው። ብዙ ጊዜ የሚለካው በአንድ ቀላል ጥያቄ ነው፦ “ከመሸ በሰፈርዎ ብቻዎን ሲሄዱ ምን ያህል ደህንነት ይሰማዎታል?” መልሱ ግን ከፖሊስ መዝገብ ጋር ላይገጥም ይችላል። አሜሪካ ውስጥ ከ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ ወዲህ የኃይል ወንጀል በእጅጉ ቀንሷል። ሕዝቡ ግን ሲጠየቅ በአብዛኞቹ ዓመታት “ከአምናው ብሷል” ነው ያለው።

ታዲያ ፍርሃቱ ከየት ይመጣል? አንዱ ምንጭ ጭፍን ጥላቻ ነው። ሊንከን ኩዊሊያንና ዴቫ ፔጀር በ2001 ባሳተሙት ጥናት የቺካጎን፣ የሲያትልንና የባልቲሞርን ሰፈሮች አዩ። ወጣት ጥቁር ወንዶች በርከት ባሉበት ሰፈር ነዋሪው “ወንጀል በዝቷል” ይላል። የተመዘገበው ወንጀል እኩል ሆኖ ሳለ እንኳ! እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባላል፤ እዚህ ግን እባቡን አይተው የማያውቁትም ይበረግጋሉ።

አንድን ቡድን ከመጥፎ ሥራ ጋር ለማያያዝ ጥላቻ እንኳ ላያስፈልግ ይችላል። በ1976 የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ዴቪድ ሃሚልተንና ሮበርት ጊፎርድ ለሰዎች ስለ ሁለት ቡድኖች 39 ዓረፍተ ነገሮችን አስነበቡ። የትልቁ ቡድን አባላት 18 መልካምና 8 መጥፎ ነገር ሠርተዋል። የትንሹ ደግሞ 9 መልካምና 4 መጥፎ። ምጣኔው ያው ነው። አንባቢዎቹ ግን ትንሹን ቡድን የባሰ አድርገው አስታወሱት። ቡድኖቹ ስም እንኳ የላቸውም፤ ቂም የሚያዝበት ታሪክም የላቸውም። ቁጥሩ ያነሰ ቡድን ዓይን ይገባል፣ መጥፎ ሥራም ዓይን ይገባል። ሁለቱ አንድ ላይ ሲመጡ ከአእምሮ አይወጡም።

በእውነተኛው ዓለም ስምም አለ፣ ቂምም አለ፣ ዜናም አለ። በ1989 ኒውዮርክ ሴንትራል ፓርክ ውስጥ አንዲት ሴት ተደፍራ ክፉኛ ተደበደበች። አምስት ጥቁርና ላቲኖ (የላቲን አሜሪካ ዝርያ ያላቸው) ታዳጊዎች ተይዘው ተፈረደባቸው። በ2002 ሌላ ሰው ድርጊቱን አመነ፣ ዲኤንኤውም ገጠመ። ፍርዱ ተሻረ። የልጆቹ የወጣትነት ዓመታት ግን እስር ቤት አልፈዋል። ያኔ ከተማዋ በወንጀል ተሸብራ ነበር፤ ፍርሃቷ እውነት ነው። የተሳሳተው የጣቷ አቅጣጫ ነው።

ስለዚህ የሚፈራ ሁሉ ጥላቻ አለበት ማለት አይደለም። ተዘርፎ የሚያውቅ ሰው ቢሰጋ ማን ይፈርድበታል? መጠየቅ ያለበት ፍርሃቱ ማንን ሲያይ ይነሳል የሚለው ነው።

ነገሩን የሚያከፋው ፍርሃትና ጥላቻ እየተመጋገቡ መኖራቸው ነው። ቶማስ ፔቲግሩና ሊንዳ ትሮፕ በ2006 ከ500 በላይ ጥናቶችን አሰባስበው ሲያዩ፣ ከሌላ ቡድን ሰዎች ጋር መቀራረብ በጥቅሉ ጥላቻን ይቀንሳል። የሚፈራ ሰው ግን መንገድ ይሻገራል፣ ሰፈር ይቀይራል፣ ልጁን ከእነሱ ልጆች ጋር አያጫውትም። በቀረበ ኖሮ ሐሳቡን ሊያስለውጠው የሚችለውን ሰው ራሱ ያርቀዋል።