ኬኔዲ የጠፈር ማዕከልን በቡድን መጎብኘት

በአሜሪካ ፍሎሪዳ ግዛት፣ ሜሪት ደሴት በሚባል ረግረጋማ ምድር ላይ የኬኔዲ የጠፈር ማዕከል ይገኛል። አፖሎ 11 እ.ኤ.አ. ሐምሌ 1969 ወደ ጨረቃ የተነሳው ከዚሁ ግቢ ነው። የአሜሪካ የጠፈር ድርጅት ናሳ ዛሬም እዚያው ይሠራል። ለሕዝብ የተከፈተው ክፍል የጎብኚዎች ማዕከል ይባላል፤ ከ1967 ጀምሮ እንግዳ ይቀበላል። (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) የሚተዳደረውም ከትኬትና ከሽያጭ በሚያገኘው ገቢ እንጂ ከግብር በሚሰበሰብ ገንዘብ አይደለም።

ከኦርላንዶ ከተማ በአውቶቡስ አንድ ሰዓት ገደማ ይፈጃል። በር ላይ ቦርሳ ይፈተሻል። እንደገቡ የሚታየው የሮኬቶች መናፈሻ ነው፤ ሬድስቶን፣ አትላስ፣ ታይታን ሰማይ ሰማይ እያዩ ተደርድረዋል። ብዙ ሰው እዚህ ፎቶ ተነስቶ ያልፋል። እኔ ግን ሬድስቶን አጠገብ ትንሽ ቆም ማለት ይገባል ባይ ነኝ። ውፍረቱ 1.8 ሜትር ብቻ ነው። አሜሪካዊው ጠፈርተኛ አለን ሼፐርድ በ1961 በእንዲህ ዓይነቱ ቀጭን ሮኬት አናት ላይ ተቀምጦ ነው ህዋ ደርሶ የተመለሰው። በረራው 15 ደቂቃ ነበር። ይህን ሰው አትርሱት፤ ከሰዓታት በኋላ እንደገና ታገኙታላችሁ።

ከቡድን ጋር የመጣ ሰው ጠዋቱን ለአውቶቡስ ጉብኝቱ ቢሰጥ ይሻለዋል። ጉብኝቱ በመግቢያው ዋጋ ውስጥ የተካተተ ነው። ወረፋው እየዋለ ይረዝማል፤ የመጨረሻው አውቶቡስም ማዕከሉ ከመዘጋቱ ብዙ ቀደም ብሎ ስለሚነሳ ያመለጠው አመለጠው ነው። ሌላም ምክንያት አለ። አውቶቡሱ ውስጥ ሁሉም አብሮ ያያል፣ አብሮ ይሰማል። ከወረዱ በኋላ ግን አንዱ እያንዳንዱን ጽሑፍ ያነባል፣ ሌላው ሮጦ ያልፋል፣ ልጆች ወደ መጫወቻው ይበራሉ። ስለዚህ የመገናኛ ቦታና ሰዓት አስቀድሞ መቁረጥ ግድ ነው። ለዚህ ሮኬቶቹ ጥሩ ምልክት ናቸው፤ ከሩቅ ይታያሉ።

አውቶቡሱ የሚያልፍበት ምድር የዱር እንስሳት መጠለያም ነው። ቦዮቹ ውስጥ አዞ መሰል አሊጌተሮች ይተኛሉ፤ ንስሮችም ጎጇቸውን ይሠራሉ። ከዚያ ሮኬቶች የሚገጣጠሙበት ሕንፃ ብቅ ይላል። ቁመቱ 160 ሜትር ነው። ከሩቅ ሲያዩት ተራ መጋዘን ይመስላል፤ ዓይን የሚያመዛዝንበት ነገር አጠገቡ የለምና። ግድግዳው ላይ የተሳለው ባንዲራ ነው እውነቱን የሚናገረው፤ ከኮከቦቹ አንዷ ብቻ ከአንድ ረጅም ሰው ቁመት ጋር ትተካከላለች። የተገጣጠመው ሮኬት ከዚህ ወጥቶ ወደ ማስወንጨፊያው የሚሄደው በብረት ሰንሰለት በሚንቀሳቀስ ግዙፍ ማጓጓዣ ላይ ሆኖ ነው። ፍጥነቱ በሰዓት 1.6 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በእግሩ የሚሄድ ሰው ጥሎት ይሄዳል። መንገዱም የወንዝ ጠጠር የለበሰ ነው።

የአውቶቡሱ ማረፊያ የአፖሎና ሳተርን 5 አዳራሽ ነው። ቡድኑ መጀመሪያ የሚገባው የማስወንጨፊያ መቆጣጠሪያ ክፍል ወደተመሰለበት ቦታ ነው። ጠረጴዛዎቹ ወደ ጨረቃ በተደረገው የአፖሎ 8 በረራ ጊዜ ያገለገሉት ራሳቸው ናቸው። ቆጠራው ያልቃል፣ መስኮቱ ይንቀጠቀጣል። ከዚያ በሩ ይከፈትና የአፖሎ ጠፈርተኞችን ወደ ጨረቃ ይወስድ የነበረው ሮኬት፣ ሳተርን 5፣ ከራስ በላይ ተጋድሞ ይታያል። 110 ሜትር ርዝመት አለው። ከተረፉት ሦስት ሳተርን 5 ሮኬቶች አንዱ ይህ ነው፤ ሌሎቹ በሂዩስተንና በሃንትስቪል ናቸው። አዳራሹ በ1996 እስኪሠራለት ድረስ ለ20 ዓመት ያህል ደጅ ላይ ፀሐይና ዝናብ ሲፈራረቅበት ኖሯል።

ጉብኝቱ ከሞተሮቹ ነው የሚጀምረው። አምስት ናቸው፤ የአንዱ አፍ ብቻ ከ3.5 ሜትር በላይ ይሰፋል። አምስቱ አንድ ላይ ሲነዱ በሰከንድ ከ12 ቶን በላይ ነዳጅና ኦክስጅን ያቃጥላሉ። ከዚህ እስከ ጫፉ በእግር ሂዱ። መንገዱ ሲረዝምባችሁ ስለ ሮኬቱ በቁጥር የሰማችሁት ሁሉ ያኔ ይገባችኋል። እዚያው አዳራሽ ውስጥ ጠፈርተኞች የሚቀመጡባት አንዲት የተለበለበች ካፕሱል አለች፤ ኪቲ ሆክ ትባላለች። አፖሎ 14ን በ1971 ከጨረቃ የመለሰችው እሷ ናት፤ አዛዡ ደግሞ ያው የሬድስቶኑ ሼፐርድ ነው። ጠዋት ካያችሁት ቀጭን ሮኬት እዚህ ለመድረስ የፈጀው 10 ዓመት ብቻ ነው። የጨረቃ ድንጋይም በጣት የሚነካበት ቦታ አለ። ብዙ ሰው ስለነካው ልስልስ ብሏል።

ከሰዓት በኋላው የአትላንቲስ ነው። ይህች መንኮራኩር 33 ጊዜ በርራ በሐምሌ 2011 ለመጨረሻ ጊዜ አረፈች፤ ስፔስ ሸትል የሚባሉት፣ ህዋ ደርሰው እየተመለሱ ደጋግመው የሚበሩ መንኮራኩሮች ዘመንም አብሮ አበቃ። ከ2013 ጀምሮ ወደ አንድ ጎን አዘንብላ፣ የጭነት በሮቿን ከፍታ፣ ገና እየበረረች ያለች መስላ ትታያለች። ያዘነበለችው 43.21 ዲግሪ ነው፤ እንደ ሮኬት ማስወንጨፊያ ቆጠራ፣ አራት፣ ሦስት፣ ሁለት፣ አንድ። ሆዷን የሸፈኑትን ከሙቀት የሚከላከሉ ሰቆች ቀረብ ብላችሁ እዩ። እያንዳንዱ የራሱ ቁጥር አለው። ጠርዛቸው ጠቁሯል፣ አንዳንዱ ተጭሯል። አልታጠበችም፤ ከህዋ እንደተመለሰች ነው ያለችው።

ከሥሯ ባለው ፎቅ የ14 ጠፈርተኞች መታሰቢያ አለ። ሰባቱ በ1986 በቻሌንጀር፣ ሰባቱ በ2003 በኮሎምቢያ፣ በአትላንቲስ እህት መንኮራኩሮች አደጋ ያለፉ ናቸው። ኮሪደሩ ግራና ቀኝ ለእያንዳንዳቸው አንድ አንድ መስኮት አለው፤ ቤተሰቦቻቸው የሰጧቸው የግል ዕቃዎች ተቀምጠዋል። መጨረሻ ላይ ባንዲራ ያለበት የቻሌንጀር የጎን ቁራጭና የኮሎምቢያ የፊት መስኮቶች ፍሬም ይታያሉ። ሲንጫጫ የዋለ ቡድን እዚህ ሲደርስ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። አስጎብኚም ቢሆን ሰዓቱን ሲያሰላ ለዚህ ክፍል በቂ ጊዜ ይተው፤ ልጆች እዚህ ጥያቄ ይጠይቃሉ፣ እየሮጡም የሚመለስ አይደለም።