ስኬላር ፊልድና ፌርሚዮን በዩኒቨርስ ሞዴሎች ውስጥ

ሐዋሳ ውስጥ የትም ቆማችሁ ሙቀቱን ለኩ፤ አሞራ ገደል ዓሣ ገበያው ጋ፣ ታቦር ተራራ ጫፍ ላይ ወይም መናኸሪያው አጠገብ። በየቦታው የምታገኙት አንድ ቁጥር ነው። አቅጣጫ የለውም። ከሐይቁ የሚነሳው ነፋስ ግን ፍጥነትም አቅጣጫም ስላለው ቬክተር ነው። ስኬላር ፊልድ ማለት እንደ ሙቀቱ በየነጥቡ አንድ ቁጥር ብቻ ያለው ነገር ነው። ወረቀት ላይ ብቻ የቀረ ሐሳብም አይደለም፤ የአውሮፓ የቅንጣት ፊዚክስ ማዕከል የሆነው ሰርን በፈረንጆቹ 2012 ያገኘው ሂግስ ቦዞን የዚህ ዓይነት ፊልድ ምልክት ነው።

ፌርሚዮኖች ደግሞ ቁስ የሚሠራባቸው ቅንጣቶች ናቸው፦ ኤሌክትሮን፣ ኳርክ፣ ኒውትሪኖ። የፊዚክስ ሊቁ ፓውሊ በ1925 እንዳስቀመጠው ሁለት አንድ ዓይነት ፌርሚዮኖች አንድ የኳንተም ሁኔታ አይጋሩም።

የዩኒቨርስ ሞዴሎች ስኬላር ፊልድንና ፌርሚዮኖችን በአንድ ላይ አድርገው የፊዚክስ ሊቁ ፍሪድማን በ1922 ከአንስታይን የስበት ቲዎሪ ባወጣው የዩኒቨርስ መስፋፋት ቀመር ውስጥ ያስገባሉ። ልዩነታቸው የሚታየው ዩኒቨርስ ሲሰፋ ነው። በየአቅጣጫው እጥፍ ቢሰፋ ይዘቱ (ቮልዩሙ) 8 እጥፍ ይሆናል፤ ስለዚህ የቁስ እፍጋት ወደ አንድ ስምንተኛ ይወርዳል። ዋጋው በዝግታ የሚለወጥ ስኬላር ፊልድ ግን እፍጋቱ አይቀንስም ማለት ይቻላል፣ ግፊቱም ኔጌቲቭ ነው፤ ይህ ግፊት በቂ ሲሆን መስፋፋቱ እየፈጠነ ይሄዳል። አለን ጉት በ1981 ያቀረበው፣ ሊንዴና ሌሎች በ1982 ያሻሻሉት ኢንፍሌሽን፣ ማለትም ዩኒቨርስ ገና ሲጀምር በቅጽበት እጅግ ፈጥኖ ሰፋ የሚለው ሐሳብ፣ እዚህ ላይ ነው የቆመው።

ለእኔ ከሁሉም የሚደንቀው፣ ብዙ ሰው ግን ዘሎት የሚያልፈው፣ የሁለቱ ግንኙነት ነው። ዩካዋ ትስስር በሚባለው መንገድ የፌርሚዮኑ ክብደት በፊልዱ ዋጋ ይወሰናል። በብዙ ሞዴሎች ኢንፍሌሽን ሲያበቃ ፊልዱ ወዲያ ወዲህ እየተወዛወዘ ጉልበቱን ለቅንጣቶች ያስረክባል፤ እኛ የተሠራንበት ቁስም መነሻው ከዚያ ነው ማለት ነው። በአንዳንዶቹ ደግሞ የኒውትሪኖ ክብደት ከጊዜ ጋር ይለወጣል። ስኬላር ፊልዱን ጭራሽ ትተው እርስ በርሱ የሚገፋፋና የሚሳሳብ የፌርሚዮን ፊልድ ብቻውን መስፋፋቱን እንዲያፈጥን የሚያደርጉም አሉ።

መስፋፋቱ ዛሬም እየፈጠነ መሆኑ የታወቀው በ1998 ከሱፐርኖቫ (ከሚፈነዱ ኮከቦች) ልኬት ነው። ለዚህ ምክንያት የተባለው ዳርክ ኢነርጂ ከዩኒቨርስ ጉልበት 68 በመቶ ያህሉን ይይዛል። ስኬላር ፊልድ ከሆነ እፍጋቱ በዝግታ መለወጥ አለበት። ዴሲ የተባለው የጋላክሲ ቅኝት በ2024 እና በ2025 ወደዚያ የሚጠቁም ውጤት አውጥቷል፤ ማረጋገጫ ለመባል ግን ገና ነው።