እንቁላል የሚጥሉ አጥቢ እንስሳት ምንድን ናቸው? «ግማሽ ወፍ» ግን አይደሉም

ሰሞኑን እዚሁ ጎንደር በተካሄደ የተማሪዎች የጥያቄና መልስ ውድድር ላይ «ግማሽ ወፍ፣ ግማሽ አጥቢ የሆነው እንስሳ ማን ነው?» ተብሎ ተጠየቀ። አንዷ ልጅ «እንዲህ ያለ እንስሳ የለም» ብላ መለሰች። ነጥብ ተነፈጋት። የሚፈለገው መልስ «ፕላቲፐስ» ነበር። ልጅቷ ግን ትክክል ነበረች። ሥነ ሕይወት አስተምራለሁና ይህችን «ግማሽ» የምትል ነገር መስማት አንገሽግሾኛል።

እንቁላል የሚጥሉ አጥቢዎች ዛሬ በዓለም ላይ 5 ዝርያዎች ብቻ ናቸው። አንዷ ፕላቲፐስ ናት፤ በምሥራቅ አውስትራሊያና በታዝማኒያ ወንዞች ትኖራለች። 4ቱ ኤኪድና የሚባሉ እሾኻም እንስሳት ናቸው፤ ባለ አጭር አፍንጫዋ አውስትራሊያም፣ ከእሷ በስተሰሜን ባለችው ደሴት በኒው ጊኒም አለች፣ ባለ ረጅም አፍንጫዎቹ 3ቱ ኒው ጊኒ ብቻ። ሁሉም ፀጉር አላቸው። ሁሉም ልጆቻቸውን ያጠባሉ። በቃ፣ አጥቢ ናቸው፤ ሙሉ በሙሉ።

«እንቁላል ከጣለችማ የወፍ ነገር አለባት» ብሎ የሚሞግተኝ ሰው አለ። ለምን የወፍ? እባብም ይጥላል፣ አዞም፣ ኤሊም። የፕላቲፐስ መንቁርም ቢሆን ከሩቅ ሲያዩት የዳክዬ ይመስላል እንጂ በለስላሳ ቆዳ የተሸፈነ ነው።

ቁም ነገሩ ወዲህ ነው። የእኛም የሩቅ ቅድመ አያቶች እንቁላል ይጥሉ ነበር። ወተት የመጣው ገና እንቁላል እየጣሉ ሳለ ነው። መውለድ የመጣው ከዚያ በኋላ፣ በአንዱ ቅርንጫፍ ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመው የፕላቲፐስ የዘር ካርታ ይህን ቁልጭ አድርጎ ያሳያል። የወተት ፕሮቲን የሚሠሩት ጂኖች እንደ እኛው አሏት። የእንቁላል አስኳል ከሚሠሩት ጂኖች ደግሞ ዶሮ 3 ሲኖራት፣ እሷ የሚሠራ የቀራት 1 ነው። በእኛ ውስጥ ያለው የእነዚያ ጂኖች ፍርስራሽ ብቻ ነው።

«እንግዲያው ፕላቲፐስ ቅድመ አያታችን ናት» የሚልም አይጠፋም። አይደለችም። አንድ አያት ደምቢያ ላይ የሣር ቤት ነበራቸው እንበል። አንዱ የልጅ ልጅ እዚያው ቀረ፣ ሌላው ጎንደር መጥቶ ኮንዶሚኒየም ገባ። ደምቢያ የቀረውን ሰውዬ «አያቴ» የሚለው አለ? ጣሪያው የአያቱ ነው እንጂ ሰውዬው የዛሬ ሰው ነው። ደግሞም ዝም ብሎ አልተቀመጠም፤ ሶላር ተክሏል፣ የውኃ ፓምፕ ገጥሟል። ኮንዶሚኒየም የገባውም ባዶ እጁን አልመጣም፤ የአያቱን ምጣድ ይዟል። የሣሩ ጣሪያ እንቁላሉ ነው፣ ምጣዱ ወተቱ። ምሳሌው አንድ ነገር ይጎድለዋል፤ በዝግመተ ለውጥ የሚወርሰውና የሚለወጠው አንድ ግለሰብ ሳይሆን መላው ዝርያ ነው። መለያየቱም ከ180 ሚሊዮን ዓመት በላይ እንደሆነው ይገመታል፤ ቁጥሩ ከጥናት ጥናት ይለያያል።

የፕላቲፐስ «ሶላር»፣ ማለትም በኋላ ራሷ ያበቀለችው አዲስ ነገር፣ መንቁሯ ላይ ነው። ማታ ወንዝ ውስጥ ስትጠልቅ ዐይኗን፣ ጆሮዋንና አፍንጫዋን ትዘጋለች። ጭንቅላቷን ግራና ቀኝ እያወዛወዘች ወለሉን ታስሳለች። ጭቃ ውስጥ የተደበቀ ትንሽ የውኃ እንስሳ ሲንፈራገጥ ጡንቻው ደካማ የኤሌክትሪክ ምልክት ይፈጥራል። መንቁሯ ላይ ያሉት ወደ 40 ሺህ የሚጠጉ ተቀባዮች ያንን ይይዙታል። ያገኘችውን ጉንጯ ውስጥ አጭቃ ትወጣለች። ካደገች በኋላ ጥርስ ስለማይኖራት በድዷ ላይ ባለ ጠንካራ ንጣፍ ትፈጨዋለች። ወንዱ ደግሞ የኋላ እግሩ ላይ መርዝ ያለበት ሹል አለው። እስቲ ይህ «ያላለቀ አጥቢ» ነው?

ፕላቲፐስ እንቁላል ለመጣል ስትደርስ ወንዝ ዳር ጉድጓድ ትቆፍራለች፣ መተላለፊያውን በአፈር ትደፍናለች። አብዛኛውን ጊዜ 2 እንቁላል ትጥላለች። ቅርፊቱ እንደ ዶሮው ተሰባሪ አይደለም፤ ለስላሳ ነው። ጅራቷን አጥፋ ወደ 10 ቀን ያህል ትታቀፋቸዋለች። ጡት ጫፍ የላትም። ወተቱ ከሆዷ ቆዳ ይፈልቅና ጠጉሯን ያርሳል፤ ልጆቹ ከዚያ ላይ ይመጥጡታል። ይህ ከ3 እስከ 4 ወር ይቆያል።

«ደመ ሞቃት» ሲባል ደግሞ 37 ዲግሪ ብቻ እንዳይመስላችሁ። የእነዚህ እንቁላል ጣይ አጥቢዎች የሰውነት ሙቀት 32 አካባቢ ነው። ኤኪድና በቀዝቃዛው ወራት ረጅም እንቅልፍ ስትተኛ ሙቀቷ ከዚያ እጅግ ዝቅ ይላል። ስትነቃ ግን ራሷን ታሞቃለች።

ኤኪድና 1 እንቁላል ብቻ ጥላ ሆዷ ላይ ባለ ኪስ ትይዘዋለች። ልጁ የሚፈለፈለው ከ10 ቀን ገደማ በኋላ፣ ራቁቱንና ዕውር ሆኖ ነው። እሾኹ ብቅ ማለት ሲጀምር እናቱ ከኪሷ አውጥታ ጉድጓድ ውስጥ ትተወዋለች፤ በየጥቂት ቀኑ እየተመለሰች ታጠባዋለች። «የአውስትራሊያ ጃርት» የሚሏትም አሉ። ከጃርት ጋር የቅርብ ዝምድና የላትም። እሾኹን ሁለቱም ለየብቻ ያበቀሉት ነው፤ የእኛዋ ጃርት ደግሞ ልጇን ትወልዳለች።