የሂሮሺ ሱጊሞቶ «አርክቴክቸር»፦ ዝነኛ ሕንፃዎችን አደብዝዞ ማንሳት

«አርክቴክቸር» ጃፓናዊው ፎቶ አንሺ ሂሮሺ ሱጊሞቶ በ1997 የጀመረው የጥቁርና ነጭ ፎቶዎች ስብስብ ነው (ዓመታቱ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። የተነሱት ሕንፃዎች ዓለም በፖስት ካርድ ሳይቀር የሚያውቃቸው ናቸው። ፎቶዎቹ ግን ሆን ተብለው ብዥ እንዲሉ ተደርገዋል። መስኮት አይቆጠርም፣ ጡብ አይለይም። የሚታየው ቅርጹ ብቻ ነው።

ሱጊሞቶ በ1948 ቶኪዮ ተወለደ። ፎቶግራፍን ሎስ አንጀለስ ተምሮ በ1974 ኒውዮርክ ገባ። ቀድሞ ስሙን ያስጠሩት የሲኒማ ቤት ፎቶዎቹ ናቸው። ፊልሙ ሲጀመር የካሜራውን መዝጊያ ይከፍታል፣ ሲያልቅ ይዘጋዋል። የፊልሙ ብርሃን በሙሉ አንድ ፎቶ ላይ ይጠራቀምና ስክሪኑ ባዶ ነጭ ሆኖ ይወጣል። እንዲህ የሚጠበብ ሰው ሕንፃን ሲያደበዝዝ ምክንያት አለው።

የ«አርክቴክቸር» መነሻ ሎስ አንጀለስ ከሚገኝ የዘመናዊ ጥበብ ሙዚየም የመጣ ትዕዛዝ ነው። ሙዚየሙ የ20ኛውን ክፍለ ዘመን ኪነ ሕንፃ የሚያሳይ ኤግዚቢሽን እያሰናዳ ነበር። ሱጊሞቶ የሚሠራው እንደ አኮርዲዮን በሚተጣጠፍ ትልቅ ካሜራ ነው። አንዱ የፊልም ቅጠል ብቻ 20 በ25 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ይህ ካሜራ በደንብ ከተስተካከለ የብረት ብሎን ሳይቀር አጥርቶ ያወጣል። እሱ ግን ሌንሱን ሩቅ ነገር ጥርት ከሚልበት ልክ፣ ፎቶ አንሺዎች «ኢንፊኒቲ» ከሚሉት፣ አሳልፎ ይወስደዋል። የራሱ አጠራር «የኢንፊኒቲ እጥፍ» ነው። በኦፕቲክስ ከኢንፊኒቲ በላይ ርቀት ስለሌለ አባባሉን እንደ ምሳሌ መውሰዱ ይሻላል። ውጤቱ ግን ግልጽ ነው፤ ከፎቶው አንድም ነገር አይጠራም።

ሐሳቡ ፈተና ነው። አርክቴክቱ መጀመሪያ በአእምሮው ያየው ቅርጽ ጠንካራ ከሆነ ብዥታው አያጠፋውም። ሱጊሞቶ ራሱ እንደጻፈው ብዙ ሕንፃዎች በዚህ ፈተና ቀልጠው ቀርተዋል።

ያለፉትን ማየት ደስ ይላል። በ1998 ያነሳው ኤፍል ታወር የብረት ጥልፍልፉ በሙሉ ጠፍቶ እንኳ ማንም አይስተውም። አርክቴክቱ ለ ኮርቡዚዬ ፈረንሳይ ውስጥ የሠራው ቪላ ሳቮዬ የተባለ ቤት፣ ኒውዮርክ ያለው የክራይስለር ሕንፃም እንዲሁ። ከሁሉም የሚበልጠው ግን በጃፓኗ ኦሳካ አቅራቢያ ያለው የአርክቴክቱ የታዳዎ አንዶ «የብርሃን ቤተ ክርስቲያን» ነው። አንዶ ከመሠዊያው ጀርባ ያለውን የኮንክሪት ግድግዳ በመስቀል ቅርጽ ከፍቶታል፤ ብርሃን በዚያ ይገባል። በሱጊሞቶ ፎቶ የመስቀሉ ጠርዝ ይሟሟል፣ ብርሃኑም ወደ ጨለማው ይፈሳል። ኮንክሪቱ ተረስቶ መስቀሉ ብቻ ይቀራል።

በ1997 የኒውዮርኩን የዓለም ንግድ ማዕከልንም አንስቷል። ከ2001ዱ ጥቃት በኋላ ያን ፎቶ ብዙ ሰው እንደ መታሰቢያ ያየዋል። ሲነሳ ግን ማማዎቹ ቆመው ነበር፤ ሐዘኑን ያመጣነው እኛ ተመልካቾች ነን።

ብዥታው አዲስ ነገር አይደለም የሚሉ አሉ። እውነት ነው፣ የ20ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ ፎቶ አንሺዎችም ምስል ያለሰልሱ ነበር። እነሱ ግን ፎቶን ሥዕል ለማስመሰል ነው፤ ሱጊሞቶ ሕንፃውን ይመረምራል። ልዩነቱ ትንሽ አይደለም። ሥራውን በስልክ አይቶ መፍረድም አያዋጣም። ምስል ሲያንስ የጠራ ይመስላል። ትልልቆቹ ህትመቶች ወደ 1.5 ሜትር ይደርሳሉ። ሲቀርቧቸው ይበተናሉ፣ ሲርቋቸው ሕንፃው ተመልሶ ይቆማል።

ስብስቡ በ2003 ቺካጎ ለብቻው ታይቷል።

ሱጊሞቶ በኋላ ራሱ ወደ ግንባታ ገባ። በ2008 ቶኪዮ ውስጥ የኪነ ሕንፃ ቢሮ ከፈተ። በ2017 ደግሞ በጃፓን ኦዳዋራ ከተማ፣ ባሕር ዳርቻ ላይ፣ ኤኖኡራ ኦብዘርቫቶሪ የተባለውን የጥበብ ሥፍራ አስመረቀ። እዚያ 70 ሜትር የሚረዝም የብረት መተላለፊያ አለ። ቀኑ ከዓመቱ ሁሉ በሚያጥርበት ዕለት የምትወጣው ፀሐይ ከአንዱ ጫፍ እስከ ሌላው ትሰነጥቀዋለች።